ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ

የዛሬው ጉዳያችን ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጎዳ፣ እኛስ እንዴት ልንጠብቀው እንደምንችል እንነጋገራለን። ሥራ ላይ ያላችሁ ሥራችሁን ሳታቋርጡ ስሙን። ቤት ያላችሁ ግን ጠንካራ ወንበር ቀረብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፤ ቆየት ብለን አብረን የምንሞክረው ነገር አለ።

ሁላችሁም ከምታውቁት ልጀምር። የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ጭኖቹ እሺ አይሉትም። ማታ ላይ ይብስበታል። ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ ገበታ ሲቀመጥ እንኳ እጁን ጉልበቱ ላይ ተመርኩዞ፣ እያቃሰተ ነው ዝቅ የሚለው። ደረጃ መውጣቱን እንደምንም ይወጣዋል። መውረዱ ነው ጭንቁ። አንድ እግሩን ዝቅ ባደረገ ቁጥር የሌላኛው እግር ጭን ይንቀጠቀጥበታል፤ የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ጎን ዞሮ ይወርዳል። ግሸን ማርያምን ተሳልሞ የተመለሰ ሰውም፣ እንጦጦን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ወጥቶ የወረደም ይህን ሕመም ያውቀዋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዳገቱን ስንወጣ እናለከልካለን፣ ላብ ያጠምቀናል፣ ልባችን ይመታል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ትንፋሻችን ይመለሳል፤ ከጓደኛችን ጋር ወሬም እንጀምራለን። ታዲያ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሚያመን ለምን ያ ቀላሉ መንገድ ሆነ? ይህ ጥያቄ የገባው ሰው የኳስ ተጫዋች ጡንቻ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ሯጭ ተረከዙን ለምን እንደሚያመው፣ በዕድሜ የገፉ እናት ወንበር ላይ ለምን ዱብ ብለው እንደሚቀመጡ አብሮ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ጊዜያችንን በሙሉ ለእሱ ብንሰጠው አይበዛበትም።

ወንበሩን አምጡት። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ሚዛን የሚያስቸግረው ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ይሁን። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃችሁን ከጉልበታችሁ ከፍ ብሎ ባለው የጭናችሁ ሥጋ ላይ አሳርፉ። ተነሡ። ሥጋው ከመዳፋችሁ ሥር ጠጠር ሲል ተሰማችሁ አይደል? የጭን የፊት ጡንቻ ነው፤ ጉልበታችሁን እየዘረጋ አቆማችሁ። አሁን እጃችሁን ሳታነሡ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ እኔ እቆጥራለሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት። አሁንም እንደጠጠረ ነው። ስትነሡ ይህ ጡንቻ እያጠረ ነበር። ስትቀመጡ ደግሞ እየረዘመ ነበር፤ ነገር ግን እየረዘመም ሥራውን አላቆመም። ቢያቆም ኖሮ ከ"ሁለት" በፊት ወንበሩ ላይ ወድቃችሁ ነበር።

በሰውነታችን ውስጥ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉ። አጥንት የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚችሉት፦ መሳብ። መግፋት የሚችል ጡንቻ የለም። በር ስንገፋ እንኳ የክንዳችን የኋላ ጡንቻ ክርናችንን ስቦ ይዘረጋዋል እንጂ የሚገፋ ነገር የለም። ክርኑን መልሶ የሚያጥፈው ደግሞ የክንዳችን የፊት ጡንቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጡንቻዎች ፊትና ኋላ እየሆኑ ተጣምረው ይሠራሉ።

ታዲያ ጡንቻ በሚስብበት ጊዜ ውጤቱ እንደ ሸክሙ ይለያያል። ሸክሙ ከተሸነፈ ጡንቻው ያጥራል፤ ጆግ ስናነሣ እንደሚሆነው። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ባሉበት ይቆማሉ፤ ሕፃን አቅፈን ስንቆም ክንዳችን እንደዚያ ነው። ሸክሙ ካየለ ግን ጡንቻው እየሳበ፣ እየተቃወመ፣ ግን ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። የዛሬው ነገራችን ይህ ሦስተኛው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ከሞተሩ ይልቅ ስለ ፍሬኑ ይጨነቃል። ቁልቁለት ላይ የእኛም ጭን ፍሬን ነው። ስግደት ላይ ወደ መሬት ስንወርድ፣ ደረጃ ስንወርድ፣ ከታክሲ ስንወርድ፣ በርጩማ ላይ ስንቀመጥ ሰውነታችንን ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ይህ የፍሬን ሥራ ነው።

እስቲ ወደ ጡንቻው ውስጥ ገባ እንበል። አንድ ጡንቻ በሺዎች ከሚቆጠሩ ክሮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክር በውስጡ ሌሎች በጣም የቀጠኑ ክሮችን ይዟል። እነዚያ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ በተያያዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ የአንዷ ክፍል ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ለአምስት መቶ ቢከፈል የሚደርሰን ያህል ነው። በእያንዳንዷ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ዘንጎች ተሰባጥረው ይገኛሉ፤ ወፍራሙ ማዮሲን ይባላል፣ ቀጭኑ አክቲን። ጡንቻ ሲያጥር እነዚህ ዘንጎች ራሳቸው የሚኮማተሩ ይመስል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ዓመት ስጠቅስ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በ1954 ዓ.ም. ግን አንድሪው ሃክስሌይ ከሮልፍ ኒደርገርከ ጋር፣ ሂዩ ሃክስሌይ ደግሞ ከጂን ሃንሰን ጋር ሆነው፣ ሁለቱ ቡድኖች በየፊናቸው የደረሱበትን ውጤት "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ እትም ላይ አወጡ። ሁለቱ ሃክስሌዮች ዘመዳሞች አይደሉም፤ የስም መገጣጠም ነው። ያገኙት ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ዘንጎቹ አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ጎን ይንሸራተታል እንጂ።

የሚያንሸራትታቸው ማዮሲን ላይ የበቀሉ ጥቃቅን ራሶች ናቸው። ከአንጎል ትእዛዝ ሲመጣ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፤ ራሶቹ አክቲንን ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። ለመልቀቅ ጉልበት ይፈልጋሉ። ያ ጉልበት ከምንበላው ምግብ የሚመጣና ኤቲፒ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ሬሳው የሚደርቀው ኤቲፒው አልቆ ራሶቹ እንደያዙ ስለሚቀሩ ነው።

ጡንቻው እየረዘመ ሲሠራ ታዲያ ምን ይሆናል? ራሶቹ በፈቃዳቸው ከመልቀቃቸው በፊት ሸክሙ በግድ እየነጠቀ ያላቅቃቸዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ አንዱ ጥሩ፣ ሌላው አስጊ። ጥሩው፦ በግድ የሚላቀቅ ራስ ጉልበት አያስወጣም፤ የሚሰጠው ተቃውሞ ደግሞ ከተለመደው ይበልጣል። አስጊው፦ ሁሉም ክፍሎች እኩል ጥንካሬ ስለሌላቸው ደካሞቹ ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ።

የመጀመሪያውን በዓይን የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ፤ እኔ ስለ ጡንቻ ከማውቃቸው ሙከራዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። በ1952፣ እንግሊዝ አገር፣ አቦት፣ ቢግላንድና ሪቺ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ባለ ፔዳል ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አቁመው በአንድ ሰንሰለት አገናኟቸው። አንዱ ሰው ፔዳሉን ወደፊት ይመታል። ሌላው እግሩ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይቃወመዋል። በሰንሰለቱ ስለተያያዙ የሁለቱም እግር የሚያርፍበት ኃይል እኩል ነው። ለተመልካች ሲቀርብ ደቀቅ ያለች ወጣት ሴት በመቃወም በኩል ተቀምጣ፣ ፔዳሉን ወደፊት የሚመታውን ግዙፍ ወንድ ያለ ብዙ ድካም አዛለችው። የሚፈጁት ኦክስጅን ሲለካም ፔዳል የሚመታው ሰው ፍጆታ ከሚቃወመው ቢያንስ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ቁልቁለት ላይ ወሬ የምንጀምረው ለዚህ ነው። ሥራው በአነስተኛ ጉልበት ስለሚሠራ ሰውነታችን የሚያሰማራው የጡንቻ ክር ጥቂት ነው። ሸክሙ ግን አልቀነሰም። ያን ሁሉ ሸክም ጥቂት ክሮች ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ ክር ላይ የሚያርፈው ይበዛል። ትንፋሻችን ቀለለልኝ ሲል ክሮቻችን ግን እየተጎዱ ነው።

ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም። በ1902 ቴዎዶር ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ የጣት ጡንቻዎችን እያሠራ፣ ወዲያው የሚመጣው ድካምና ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው ሕመም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈ። የኋለኛው በጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ መቀደድ እንደሚመጣም ገመተ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይብስና በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የተጎዳውን ለመጠገን ሰውነት ወደ ቦታው ፈሳሽና ሴሎች ይልካል፤ ያብጣል፣ ሲነካ ያማል፣ ከዚያ ይድናል።

ብዙ ሰው፣ አሠልጣኞች ጭምር፣ ይህን ሕመም "ላክቲክ አሲድ ጡንቻው ውስጥ ተጠራቅሞ ነው" ይላሉ። ይህ ከአፋችን ቢጠፋ ደስ ይለኛል። ከከባድ ሥራ የሚመጣው ይህ ነገር፣ ማለትም ላክቴት፣ እረፍት ካደረግን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጸዳል፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ሊያመን አይችልም። ደግሞም ብዙ ላክቴት የሚፈጠረው ዳገት ላይ ነው፤ በማግስቱ የሚያመው የቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ ማሸት የሚያወጣው "አሲድ" የለም። ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ እሱ ይበቃል። ጡንቻን ማሳሳብም እንደምናስበው አይረዳም፤ ከሥራ በፊት ወይም በኋላ የሚደረግ ማሳሳብ በማግስቱ የሚመጣውን ሕመም የሚቀንሰው ከቁጥር በማይገባ መጠን መሆኑ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻው በጣም አብጦ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ይህ ተራ ሕመም አይደለም። የተበላሸው ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጉዳቱን ነው። ጡንቻ ግን ይማራል፤ የሚማርበት ፍጥነትም ያስገርማል። ያልለመደው ሰው አንድ ጊዜ፣ በትንሹ እንኳ፣ ይህን የፍሬን ሥራ ቢሠራ፣ ያው ሥራ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደገም ሕመሙ እጅግ ይቀንሳል። መከላከያው ለሳምንታት ይቆያል። ስቅለት ላይ ይህን በዓይናችን ማየት እንችላለን። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ በልኩ ሲሰግዱ የቆዩ አባትና እናት በትንሣኤ ጠዋት እንደ ልባቸው ይሄዳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ከርሞ ስቅለት ላይ ብቻ የሰገደው ወጣት ልጃቸው ነው የሚያነክሰው። አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሙስሊም ወንድማችን ደግሞ በቀን ፈርዱን፣ ማለትም ግዴታውን ሶላት ብቻ ቢቆጥር 17 ረከዓ አለው፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ከቁመት ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለቱም የሚሰግዱት ለጡንቻ ብለው አይደለም፤ ሰውነታቸው ግን በየቀኑ በጥቂቱ እየተማረ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ሁዳዴ ስቅለት ላይ መስገድ የምታስቡ ሰዎች፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቀን ከቀን እያሳለፋችሁ በጥቂቱ ብትጀምሩ ጭናችሁ ያመሰግናችኋል። ረጅም ቁልቁለት ያለው ጉዞ ያሰባችሁም እንደዚሁ።

ይህ የመማር ችሎታ ሕመምን ብቻ ሳይሆን መሰንጠቅንም ይከላከላል። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ብናገር አሠልጣኞችና ወጣት ተጫዋቾች ትጠቀሙበታላችሁ።

ኳስ ስንመለከት ተጫዋች በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ድንገት የጭኑን ጀርባ ይዞ ሲቆም አይተናል። የጭን የኋላ ጡንቻ ነው። እጃችሁን ከጉልበታችሁ ጀርባ፣ ቋንጃችሁ ላይ ብታደርጉና ጉልበታችሁን አጠፍ ብታደርጉ ግራና ቀኝ ገመድ የመሰሉ ጅማቶች ይሰሟችኋል፤ የዚህ ጡንቻ ጫፎች ናቸው። ጡንቻው ከመቀመጫችን አጥንት ተነሥቶ ዳሌንና ጉልበትን ያቋርጣል፤ ሁለት መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ ስለሚያቋርጥ በሁለቱም በኩል ይለጠጣል። ሯጩ እግሩን ወደፊት ሲወረውር ቅልጥሙ በከፍተኛ ፍጥነት ይዘረጋል። እግሩ መሬት ከመርገጡ በፊት ያን የሚወረወር ቅልጥም የሚይዘው፣ ፍሬን የሚሆነው፣ ይህ ጡንቻ ነው። በዚያች ቅጽበት እጅግ ረዝሟል፣ እጅግም እየሳበ ነው። የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው፤ ቦታውም ጡንቻው ከጅማቱ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዴንማርክ ውስጥ በ50 የወንዶች ቡድኖች የሚጫወቱ 942 ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 ታትሟል። ግማሾቹ ቡድኖች እንደወትሮው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ሌሎቹ በልምምዳቸው ላይ አንድ እንቅስቃሴ ጨመሩ። እንቅስቃሴው ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ተጫዋቹ ለስላሳ ነገር ላይ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን መሬት ላይ አጥብቆ ይይዝለታል። ተጫዋቹ ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ፣ ወገቡን ሳያጥፍ፣ ወደፊት ቀስ ብሎ ይወድቃል፤ የጭኑ ጀርባ እስከቻለው ድረስ ውድቀቱን ይይዛል። ሲያቅተው በእጁ ይመክታል፣ ደረቱ መሬት ይነካል፣ በእጁ ገፍቶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ አምስት አምስት ጊዜ ሁለት ዙር ነው። ከዚያ በ10 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በጥናቱ ጊዜ እንደወትሮው በቀጠሉት በኩል 52 የጭን ጀርባ ጉዳት ሲመዘገብ፣ እንቅስቃሴውን በሠሩት በኩል የተመዘገበው 15 ነበር። ሜዳው አቧራ ቢሆን፣ ክለቡ ኳስ እንኳ ቢቸግረው፣ ይህን መሥራት የማይችል ቡድን የለም። በየቀበሌው ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን እንድትጀምሩ ከልቤ እጠይቃችኋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አታብዙ። ያልለመደ ጡንቻ ላይ ሠላሳ ጊዜ ብታሠሩ ልጆቹ በሦስተኛው ቀን መራመድ ያቅታቸዋል፤ ሁለተኛም አይሞክሩትም።

ሰውነት ከማሟሟቅ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ከጨዋታ በፊት ቆሞ አንድ ጡንቻን ከአንድ ደቂቃ በላይ ማሳሳብ ለጊዜው ጉልበቱን ይቀንሳል። ከዚያ ይልቅ ሶምሶማ፣ ጉልበት ማንሣት፣ ቀስ በቀስ የሚፈጥን ሩጫ ይሻላል።

አሁን ወደ ጅማት እንሂድ፤ ሯጮች እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያን ጊዜ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከኦሎምፒኩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። የተረከዝ ጅማት የባት ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር ያገናኛል። በሩጫ ጊዜ እያንዳንዷን እርምጃ የሚቀበለው እሱ ነው። ጅማት የሚያገኘው ደም ከጡንቻ ያነሰ ነው፤ ሲጠነክርም ቀስ ብሎ ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይጎብዛሉ፣ ጡንቻም ይከተላል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ጉጉት ያለው ወጣት ትንፋሹ ስለተሻለለት ብቻ ኪሎ ሜትሩን በአንዴ እጥፍ ያደርጋል፤ ጅማቱ ግን ገና አልደረሰም።

በ1998 ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመ፣ ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ 15 ለመዝናናት የሚሮጡ ሰዎችን ይህንኑ የፍሬን ሥራ ለ12 ሳምንት አሠራቸው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ፣ ተረከዝን ከደረጃው በታች ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው፤ ወደ ላይ የሚመለሱት በደህናው እግር ነው። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። እሱ ያሠራቸው በቀን 180 ጊዜ ነበር። እኛ ለመከላከል ያን ያህል አያስፈልገንም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሊፍት የለውም ብለን የምናማርርበት አራተኛ ፎቅ ነው የምላችሁ። ብረቱን ይዛችሁ፣ በጥቂቱ ጀምራችሁ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ለእናቶችና አባቶች የያዝኩት ከዚህ ይቀጥላል። በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔ የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የእግር ጡንቻቸውን በክብደት አሠራች። ትንሹ 86 ዓመታቸው፣ ትልቁ 96 ነበሩ። ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ። በ90 ዓመት ዕድሜ ጡንቻ የሚማር ከሆነ፣ በ60 ዓመታቸው "ከእንግዲህ ለእኔ" የሚሉ እናት ሊያደምጡኝ ይገባል።

እዚህ ላይ ለልጆች የምናገረው አለኝ። እኛ አገር ለወላጅ ያለን ፍቅር በእንክብካቤ ይገለጻል። "እማዬ አይነሡ፣ እኔ አመጣዋለሁ" እንላለን። ውኃው ይቀርባል፣ ጫማው ይቀርባል፣ ስልኩ ይቀርባል። በጎ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ለእኚያ እናት የቀራቸው ብቸኛ የጭን ሥራ ሊሆን ይችላል። እሱን ስንነፍጋቸው ጡንቻቸው ይመነምናል፤ ፍሬኑ ሲደክም ዱብ ብለው መቀመጥ ይጀምራሉ፣ ደረጃ መውረድ ይፈራሉ፣ አንድ ቀን ይወድቃሉ። ስለዚህ አጠገባቸው ቆማችሁ እንዲነሡ ፍቀዱላቸው። ቅድም እንዳደረግነው እስከ አምስት እየቆጠሩ በቀስታ ይቀመጡ። አምስት ጊዜ ደጋግመው ቢሠሩ ለጅምር በቂ ነው። ጠንካራና የማይንሸራተት ወንበር ይሁን፣ በግድግዳ ተደግፎ። የልብ ሕመም ወይም የመገጣጠሚያ ችግር ያለባቸው ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከዚያ በርጩማው ይመጣል፤ በርጩማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይከብዳል፣ ቡና ሲያፈሉ ያለ ድጋፍ ቀስ ብለው መቀመጥ የቻሉ እናት ጥሩ ጭን አላቸው።

በመጨረሻ፣ ጉዳት ከደረሰስ? ጡንቻ ሲሰነጠቅ ሕመሙ በማግስቱ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ነው የሚመጣው፤ እንደተመታ ሰው ድንገት ይቆማል። ሥራው ወይም ጨዋታው ወዲያው ይቁም። ቦታውን በፋሻ በመካከለኛ ጥብቀት ይጠቅልሉት፣ እግሩን ከፍ አድርገው ያሳርፉት፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሕመሙን ያስታግሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በኃይል አይታሽ። ወጌሻዎቻችን ብዙ የወለምታ ልምድ አላቸው፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ውስጡ እየደማ ያለ ጡንቻን ማሸት ደሙን ይጨምራል፤ ጭን ላይ ሲሆን ደግሞ ጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። እግሩ መርገጥ ካቃተው፣ "ጧ" የሚል ድምፅ ተሰምቶ በእግር ጣት መቆም ካልተቻለ፣ ጡንቻው ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከታየ፣ ከታች ያለው ክፍል ከደነዘዘ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሳይመታ አንድ ባት ብቻ ያበጠና የጋለ ሰውም እንዲሁ፤ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይዘገይ።

ሕመሙ ሲቀንስ ደግሞ ብዙዎች ይቸኩላሉ። መራመድ ያላመመው ተጫዋች ድኛለሁ ብሎ ሜዳ ይገባል፤ መራመድ ግን ፍሬኑን አይፈትነውም። ቀስ ብሎ መውረድን፣ ከዚያ ያን በጉልበት ተንበርክኮ መውደቅን፣ ከዚያ እየፈጠኑ መሮጥን አልፎ፣ ሁለቱ እግሮቹ እኩል ሲሆኑለት ብቻ ይግባ። አንዴ የተሰነጠቀ የጭን ጀርባ እንደገና የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ አሠልጣኞች ልጁ "ደህና ነኝ" ቢላችሁም በፈተናው ሳያልፍ አታሰልፉት።

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ወገብ ጡንቻዎችና ስለ ሸክም አነሣስ እንነጋገራለን።